ሁለተኛዋ ሃና

ኤርጎጌ የገዛ ቅድመ አያቷን ስም ሳታውቅ የኮልቢን ቤተሰብ እስከ ከብቶቻቸው ድረስ ታውቃቸው ነበር። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ፔንሲልቬንያ ውስጥ ጫካ መንጥረው ስንዴ የዘሩ ገበሬዎች ናቸው። ታላቅየው ሳሙኤል ኮልቢ በግብር መዝገብ ላይ ሁለት ፈረስና አራት ላም አስመዝግቧል። ታናሹ ጆናታን አንድ ፈረስ ብቻ ነበረው፤ እሱም ዕውር። ይህን ሁሉ ያወቀችው ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ለሦስት ሴቶች በተከራየ አንድ ክፍል፣ አልጋዋ ላይ እግሯን አጣጥፋ ነው። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ጭኗ ላይ፣ መብራት በተራ የሚጠፋበት የሎድሼዲንጉ ሰዓት ግድግዳው ላይ። ኦሃዮ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ከመሞታቸው በፊት የዘር ሐረጋቸውን በወረቀት ላይ ማየት ፈልገዋል። በኢንተርኔት ሥራ የሚያከፋፍለው ድርጅት ደግሞ ጉዳዩን ለኤርጎጌ ሰጣት።

ሙያውን ማንም አላስተማራትም። ሻሸመኔ ላይ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ፣ ጆሃንስበርግ ገብታ ጄፒ ገበያ ላይ ሦስት ዓመት ብርድ ልብስ ስትሸጥ፣ ደንበኛ በሌለ ሰዓት የድሮ የእጅ ጽሑፍ ማንበብን በስልኳ ተማረች። ዛሬ የሞተ ጸሐፊ በተጨናነቀ ፊደል የሞነጫጨረውን ኑዛዜ እንደ ታክሲ ታፔላ ታነበዋለች። ዲግሪ ያለው ሰው የሠራውን ስህተት ስታገኝ ደግሞ ምሳ የበላች ያህል ያጠግባት ነበር።

የኮልቢዎችን ጉዳይ በያዘችበት በዚያው ሰሞን የራሷ ጉዳይ መጣ።

ምሕረቱን ልታገባው ነው። ዛንድስፕሩት በሚባል የቆርቆሮ ቤቶች ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ያለው፣ የዱራሜ ልጅ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ለደንበኞቹ ሁሉ በዙሉኛ «ሳውቦና» ብሎ ሰላም ሲል አንገቱን የሚሰብር ሰው ነው። እሷ የምትናገረውን ያህል እሱ ይሰማል። ከተዋወቁ ሁለት ዓመት ነው፤ ማንንም እንደዚህ አምና አታውቅም። ሽማግሌ ተላከ፤ ቤተሰብ በስልክ እሺ አለ፤ የቀረው ዘር መቁጠር ብቻ ነበር። ዘር መቁጠር ደግሞ ለእሷ እንደ ቀልድ ነበር። የምኖርበት ሥራ አይደል እንዴ?

እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ጉባኤው ከሚከራየው የትምህርት ቤት አዳራሽ ጀርባ፣ በሕፃናት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የሚቆጥሩት ጋሽ ሽጉጤ ናቸው፤ ከሁሉም ቀድመው አገሩን የረገጡ፣ በየሰርጉ ለምርቃት የሚቀርቡ ሽማግሌ። ኤርጎጌ የታጠፈ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ጋሽ ሽጉጤ።

«እናቴ በስልክ የነገረችኝ ነው። እኔ ሻሸመኔ ነው ያደግሁት፤ በቃሌ አላውቀውም።»

«ዘር በወረቀት! ጉድ እኮ ነው» ብለው ሳቁ፤ አብረው የተቀመጡትም ሳቁ። «በይ አንብቢልን፣ ጸሐፊዋ።»

በአባቷ በኩል አነበበች፤ ምንም አልተገናኘም። በእናቷ በኩል ቀጠለች። የእናቷ አባት ሎምባሞ፣ የሎምባሞ አባት ሀንዲሶ፣ የሀንዲሶ አባት አቦሴ፣ የአቦሴ አባት ዶሊሶ። አምስት ቤት። «ዶሊሶ» ስትል ምሕረቱ ቀና አለ። ጋሽ ሽጉጤ ወደ እሱ ዞሩና «አንተ ቁጠር» አሉት። ምሕረቱ ወረቀት አልያዘም፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ጸሎት ቆጠረ። በስድስተኛው ቤት ድምፁ ሊሰማ እስከማይችል ዝቅ አለ።

«ዶሊሶ።»

ጋሽ ሽጉጤ ያነሡትን ጣት መልሰው አጠፉት። «በቃ። ሰባት ቤት አልሞላም። እህቱ ነሽ።»

«ማን ናት እህቱ? ዶሊሶ የሚባል ሰው በከምባታ አንድ ብቻ ነው እንዴ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት ዮሐንስ እንዳለ እስቲ ይቁጠሩልኝ!»

«ቀስ፣ የኔ ልጅ። የሚቆጠረው ዘርሽ ነው፤ ምላስሽ አይደለም።»

«እኔ የማላውቃቸውን የፈረንጅ ሙታን ስለያይ ነው የምውለው። ሁለት ዶሊሶ መሆናቸውን በማስረጃ አመጣልዎታለሁ።»

ሽማግሌው ምሕረቱን አዩት። ምሕረቱ መሬት መሬት ያያል። «ሦስት ሳምንት» አሉ ጋሽ ሽጉጤ፤ «ሁለት ከሆኑ እኔው ራሴ እመርቃችኋለሁ። አንድ ከሆነ ግን ከዚህ በኋላ ብቻችሁን እንዳትገናኙ።»

ሦስት ሳምንት ለኤርጎጌ ብዙ ነበር። ለኮልቢዎች እንኳን ከዚያ ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀችው።

እዚያም አንድ እንቅፋት ገጥሟት ነበር፤ አሸንፋዋለች። የቤተ ክርስቲያኑ የጋብቻ መዝገብ «ናታን ኮልቢ ከሃና ኮልቢ ጋር» ይላል። ናታን የጆናታን ልጅ ነው፤ ሳሙኤልም ሃና የምትባል ልጅ አለችው። ታዲያ የሁለት ወንድማማቾች ልጆች ሊጋቡ? ኤርጎጌ መዝገቡን አይታ ሳቀች። መጽሐፍ ቅዱስ እያነበቡ የሚያድሩ ገበሬዎች እህታቸውን አያገቡም። ስህተቱ የጸሐፊው ነው፤ የፈረንጅ ሴት ስታገባ በባሏ ስም ስለምትጠራ ገና ሳታገባ በባሏ ስም ጻፋት። ስለዚህ እውነተኛዋን ሃና ፍለጋ ወጣች። አጠገባቸው ባለው አውራጃ ሃና ፕራት የምትባል የወፍጮ ቤት ባለቤት ልጅ አገኘች፤ ዕድሜዋ ልክ፣ ከዚያች ዓመት በኋላ ስሟ ከመዝገብ የጠፋ። ይቺው ናት! ከናታን ጋር አጋባቻት፤ የናታንን አሥራ አንድ ልጆች ከሥሯ ደረደረች። የሳሙኤልን ሃና ደግሞ «ሳታገባ በልጅነቷ ሳትሞት አትቀርም» ብላ ጻፈችባትና ዘጋችው።

ዶሊሶንም በዚያው መንገድ ያዘችው። እናቷ ጋ ደወለች፤ የእናቷ እህቶች ጋ ደወለች፤ የምሕረቱን አጎት የስልኳ ሒሳብ እስኪያልቅ በጥያቄ አደረቀችው። ማን መቼ ተወለደ፣ ማን በየትኛው ረሃብ ጊዜ አገባ፣ ማን በጣሊያን ጊዜ ስንት ዓመቱ ነበር። ሁሉንም በሠንጠረዥ አስገባችና በየትውልዱ ዓመት እየቀነሰች ወደ ኋላ ሄደች። የእሷ ዶሊሶና የምሕረቱ ዶሊሶ ልደት በዘጠና ዓመት ተራራቀ። ዘጠና! አንድ ሰው በዘጠና ዓመት ልዩነት ሁለቴ አይወለድም። ሠንጠረዡን ሂልብሮው ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት በቀለም አሳትማ ለምሕረቱ ፎቶውን ላከችለት። «አንቺ እኮ ጉደኛ ነሽ» ብሎ መለሰላት፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኝ ይሆናል» አላት።

አንድ ሰው ጋ ብቻ አልደወለችም። ሀንዲሶ ከወለዳቸው እስካሁን በሕይወት ያሉት፣ የአያቷ የሎምባሞ ታናሽ ወንድም፣ አባባ ሄላቦ ናቸው። «ጆሮአቸው ከብዷል፤ ምን ያደርጉልኛል» አለች። ማንም አልጠየቃትም፤ ለራሷ ነው ያለችው።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ረፋድ ላይ ዩስራ ደወለች። ዩስራ የጅጅጋ ልጅ ናት፤ እዚያው ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር ትኖራለች፤ ኤርጎጌን ወደዚህ ሥራ ያስገባቻትም፣ የሠራችውን የምታርመውም እሷ ናት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሃና ፕራትን ከየት አመጣሻት?»

«ከመዝገብ ነዋ፤ ከየት ላመጣት ነበር? ቁጥሩን ጽፌልሻለሁ።»

«ሃና ፕራት ሌላ ሰው አግብታ ወደ ኬንታኪ ሄዳለች። ባሏም መቃብሯም ተገኝቷል። አሁን የሳሙኤልን ኑዛዜ ልኬልሻለሁ፤ ሦስተኛውን ገጽ እዪው።»

ኤርጎጌ ከፈተችው። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ለእሷ ግን ታክሲ ታፔላ ነው። *ለልጄ ለሃና፣ የወንድሜ ልጅ የናታን ሚስት ለሆነችው፣ ቀይዋን ላምና የምትተኛበትን አልጋ።* ሁለቴ አነበበችው። የላሟ ቀለም ሳይቀር ተጽፏል።

«ኑዛዜው እኮ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ነበር» አለች ዩስራ። «አንቺ ኑዛዜ ሳታዪ አታልፊም ነበር። ምነው?»

«የአጎቷን ልጅ… እንዴት እንዲህ ይደረጋል ብዬ…»

ዩስራ ሳቀች። «ውይ እናንተ! እናቴና አባቴ የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ ምን ሆንኩ? ቀንድ አወጣሁ? ለእናንተ ነውር ስለሆነ ለዓለም ሁሉ ነውር ነው? ስሚ፣ ሃና አንድ ናት። ሁለተኛዋን አንቺ ነሽ የወለድሻት።»

«እሺ። አስተካክለዋለሁ።»

«አልተቆጣሁም እኮ። ልማድሽ ስላልሆነ ነው የገረመኝ። ሴትዮዋ ከመሞታቸው በፊት አያታቸው ያልሆነችን ሴት አያቴ ብለው ቢያለቅሱባት ደግሞ ኃጢአቱ የእኛ ነው።»

ኤርጎጌ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ባለ ቀለም ሠንጠረዥ አየችው። የሌላ ሰው ሥራ እንደምታርም አድርጋ፣ ያለ ርኅራኄ አየችው። በራሷ በኩል ለእያንዳንዱ ትውልድ ሃያ ሁለት ዓመት ሰጥታለች። በምሕረቱ በኩል ሠላሳ ሦስት። ለምን? ምንም ምክንያት የለውም። አንድም ሰው እንዲህ በዪ አላላትም። እጇ ነው የሰጠው። ሁለቱንም በእኩል አድርጋ ደገመችው፤ ዘጠናው ዓመት ሟሟና ሠላሳ ገደማ ቀረ። ሁለት ሚስት ያገባ ሰው በመጀመሪያዋ ልጅና በመጨረሻዋ ልጅ መካከል ሊያራርቅ የሚችለው ያህል። ሌላ ሰው ሠርቶት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው እይታ ቀልዳበት፣ ምላሷን ስላ ትጥለው ነበር።

አባባ ሄላቦ ጋ ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ጎረቤት ሮጣ ወሰደችላቸው። ጆሮአቸው አልከበደም። የእሷ ከምባትኛ የተሰባበረ ስለሆነ እሳቸው በአማርኛ መለሱላት።

«ዶሊሶማ አንድ ነው፣ ልጄ። የፊተኛዋን ሚስቱን ቀብሮ፣ ሸምግሎ፣ ልጅ እግር አገባ። ያቺ የኋለኛዋ አያቴን አቦሴን ወለደች። ያንዜ የፊተኛዋ ልጆች የልጅ አባት ነበሩ። የነምሕረቱ ቤት ከፊተኛዋ ነው። መቃብሩን አባቴ ወስዶ አሳይቶኛል፤ ሁለቱም ቤት እዚያው ነው የሚያለቅሰው።»

«መቃብሩ አንድ ነው?» አለች ኤርጎጌ።

«ሁለት ናቸው እንድልሽ ነው የደወልሽው?»

«እርስዎ… ማን ነገረዎት?»

«እናትሽ እያለቀሰች ደውላ ነበር። ቀድመሽ ትደውያለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር እኮ።» ሳል ያዛቸውና ቆዩ። «አሁን ይህን የሚያውቅ የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔም ብዙ አልቆይም። ሁለት ናቸው ብል ሁለት ይሆናሉ። ልበልልሽ?»

ዘጠና ዓመት የሞላቸው ሰው፣ በሕይወታቸው መሐላ የማያውቁ፣ ለእሷ ሲሉ ሊዋሹ ነው። አይሆንም ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«በሉልኝ፣ አባባ።»

«ሁለት ናቸው» የሚለውን ቃላቸውን በጎረቤቷ ስልክ ቀድተው ላኩላት። ሃያ ስድስት ሰከንድ። ድምፃቸው ጠንካራ ነበር፤ የአባታቸውንም ስም ጠርተው ጀመሩ።

በማግስቱ ዛንድስፕሩት ሄደች። ከታክሲው ወርዳ በቆርቆሮ ቤቶቹ መሃል ያለውን አሸዋማ መንገድ ስትሄድ፣ ለጋሽ ሽጉጤ የምትመልሰውን ሁሉ በልቧ እየደረደረች ነበር። ምሕረቱ የብረቱን በር ከውስጥ ከፈተላትና መልሶ ቆለፈው። ዳቦና የአየር ሰዓት የሚሸጥበት መስኮት በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ ነው፤ ውጭ ሁለት ሰው ቆሟል። አስተናግዶ መጣና የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«ለጋሽ ሽጉጤ ከማሰማቴ በፊት አንተ ስማው» አለችና ስልኳን ዘረጋችለት።

አንገቱን ደፍቶ ሰማው። ሲያልቅ ደግሞ ከፍቶ ሰማው። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኤርጎጌ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም።

«እንዴት እንደነበርኩ አታውቂም» አላት። «እንቅልፍ የለኝም። አንቺን ባሰብኩ ቁጥር አባቴ በራፉ ላይ ቆሞ ያየኛል። እጅሽን የያዝኩበትን ቀን ሁሉ እየቆጠርኩ ይቅር በለኝ ስል ነው የከረምኩት። ብጽፍልሽ ትስቂብኛለሽ ብዬ…»

«አልስቅብህም።»

«አሁን በቃ። በቃ! ጌታ ይመስገን።» ተንበረከከ። የዱቄት ጆንያዎቹ መሃል፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እግዚአብሔርን ያመሰግን ጀመር። ስለ አባባ ሄላቦ ዕድሜ አመሰገነ። ስለ እውነተኛ አንደበታቸው አመሰገነ። ስለ ኤርጎጌ ጥበብ አመሰገነ። ሁለት ዶሊሶ ስለ ፈጠረ አመሰገነ።

እዚህ ላይ አልቻለችም። ለሽማግሌ መዋሸት ትችላለች፤ ለጉባኤውም ቢሆን ዓይኗን አታሽም። እግዚአብሔርን ያልፈጠረውን ሰው ስለ ፈጠረ ሲያመሰግነው መስማት ግን…

«ተው፣ ምሕረቱ።»

ጸሎቱን አላቋረጠም።

«ተው አልኩህ! አንድ ናቸው። አንድ ነው ዶሊሶ። አባባ ሄላቦ ለእኔ ብለው ነው። እኔ ነኝ በሉ ያልኳቸው።»

ዓይኑን ገለጠ፤ እንደ ተንበረከከ ቀረ። ውጭ አንድ ሰው በሳንቲም ፍርግርጉን ያንኳኳል።

«ሠንጠረዡስ?» አለ።

«እሱም የእኔ ነው። እንዲራራቁ አድርጌ ነው የሠራሁት። ስሠራው አላወቅሁም፤ ግን እኔው ነኝ።» ቃላት እንደ ልማዷ እየተሽቀዳደሙ መጡላት። «ስማኝ ግን። እነዚያ የምሠራላቸው ገበሬዎች የወንድማማች ልጆች ተጋብተው አሥራ አንድ ልጅ ወልደዋል፤ ዛሬ ዘራቸው አገር ሞልቷል። የዩስራ እናትና አባትም እንደዚያው ናቸው። የእኛ እኮ አምስት ቤትና ስድስት ቤት ነው! አንተና እኔ አንድ ጠብታ ደም እንኳ አልተጋራንም። ኬፕታውን እንሂድ። ማን ይቆጥርብናል?»

«እነሱ እነሱ ናቸው» አላት። ቁጣ የለበትም። «እኔ ነኛ የምቆጥረው። ልጃችን አድጎ ቁጠርልኝ ሲለኝ ምን ብዬ እቆጥርለታለሁ?»

ኤርጎጌ ስልኳን ሣጥኑ ላይ ካስቀመጠበት አነሣች።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለ ምሕረቱ። «አሁን ብቻ ዝም ብትይ ምን ነበረበት? ሰምቼ እኮ ነበር። አምኜ እኮ ነበር፣ ኤርጎጌ። ዕድሜዬን ሙሉ አምኜ እኖር ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ስታመሰግን መስማት አቃተኝ።»

ምሕረቱ ተነሣ፤ እሷ የቆመችበትን አልፎ ለመሄድ ትከሻውን ሰበሰበ፤ ልብሷን እንኳ ላለመንካት ተጠንቅቆ አለፈ። ያንን ጥንቃቄ አየችው። ካለቀሰውም፣ ከጠየቃትም ሁሉ ያ ጥንቃቄ ነበር የጨረሳት። ወደ መስኮቱ ሄዶ ግማሽ ዳቦና አንድ ሻማ ሸጠ፤ ሳንቲሙን ቆጥሮ መልስ ሰጠ። ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«እሑድ ለጋሽ ሽጉጤ አንቺ ንገሪያቸው። እኔ አልችልም።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«የአባባን ድምፅ አጥፊው። ስማቸው በውሸት ተጠርቶ እንዳይቀር።»

እያየ አጠፋችው። ምሕረቱ ቁልፉን ይዞ መጣ፤ በሩን ከፈተላት፤ እስክትወጣ ወደ ጎን ቆመ። ሌባ ስለሚፈራ በሩን ለማንም ሲከፍት ወዲያው መቆለፍ ልማዱ ነው፤ አሁንም ወዲያው ቆለፈው።

ኤርጎጌ ወደ ታክሲው አልሄደችም፤ ገዢዎች በሚሰለፉበት ከመስኮቱ ፊት ቆመች። በመስኮቱ በኩል የሚታየው እጁ ብቻ ነበር፤ ዳቦ ይሰጣል፣ ሳንቲም ይቀበላል። ፀሐይዋ አናቷ ላይ ናት። ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም። ሕፃን ያዘለች ሴት ከኋላዋ መጥታ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«ሲሲ፣ እህቴ፣ ሰልፍ ላይ ነሽ?»

«አይደለሁም» አለችና ቦታውን ለቀቀችላት።